የሰርቪስ ውል ከመፈረማችሁ በፊት «አላቂ ዕቃ» የምትለዋን ቃል ፈልጓት

የላብ ሰዎች፣ በተለይ ትንሽ ክሊኒክ ወይም የግል ላቦራቶሪ ያላችሁ፣ እኔ የተበላሁበትን ልንገራችሁ።

አምና የኬሚስትሪ ማሽናችን (በደም ውስጥ ስኳር፣ ኮሌስትሮል፣ የጉበት ኢንዛይም የሚለካው) ዋስትና ሲያልቅ ሻጩ ድርጅት የሰርቪስ ውል ይዞ ከች አለ። ኬሚስትሪው፣ ሲቢሲው (የደም ሴል ቆጣሪው)፣ ሴንትሪፊውጁ (ደም አሽከርክሮ የሚለየው)፣ ሁለቱ ማይክሮስኮፖች ሳይቀሩ በአንድ ጥቅል። በዓመት 4 ጊዜ ኢንጂነር ይመጣል፣ ሲበላሽ ይጠገናል፣ እናንተ ሐሳብ አይግባችሁ አሉን። ማሽን ቆሞበት ታካሚ የመለሰ ሰው እንዲህ ሲባል ይፈርማል። ፈረምኩ።

ኢንጂነሩ ልጅ በየቀጠሮው መጣ። ትሁት ልጅ ነው፣ እሱን አላማም። ማሽኑን በአልኮል ወለወለ፣ አቧራውን አራገፈ፣ ስቲከር ለጠፈ፣ አስፈርሞን ሄደ። ሦስተኛው ጉብኝት ካለፈ በኋላ የኤኤልቲና የኤኤስቲ፣ የሁለቱ የጉበት ምርመራዎች፣ ኮንትሮል (ውጤቱ አስቀድሞ የሚታወቅ መፈተሻ ናሙና) ከሚጠበቀው ውጤት አልገባ አለን። ግሉኮስ ደህና፣ ኮሌስትሮል ደህና፣ የጉበቱ ብቻ ይወርዳል። ሪኤጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል) ቀየርን፣ ካሊብሬሽን (የማሽኑን ልኬት ማስተካከል) ደገምን፣ ሁለት ቀን ሙሉ ለፋን። ለካ ማሽኑ ናሙናውን የሚያነብበት ብርሃን፣ ላምፑ ነው! ሃሎጅን ላምፕ ሲያረጅ ቀድሞ የሚደክመው በ340 ናኖሜትር፣ ዐይን በማያየው የአልትራቫዮሌት ብርሃን ነው፣ ሁለቱ ምርመራዎች ደግሞ የሚነበቡት እዚያው ላይ ነው።

ደወልኩ። «ላምፕ አላቂ ዕቃ ስለሆነ በውሉ አይሸፈንም» አሉኝ። ውሉን አውጥቼ ሳየው ሦስተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ላምፕ፣ ቱቦ፣ ፕሮብ (ናሙና የሚቀዳው መርፌ)፣ ሲሪንጅ፣ ሁሉም አላቂ ተብሏል። ታዲያ ከዚህ ማሽን ሌላ ምን ይበላሻል? ቦርዱ? ቦርዱማ «በኤሌክትሪክ መዋዠቅ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊነት አንወስድም» የሚል ሌላ አንቀጽ አለው። ያውም አዲስ አበባ ውስጥ። ባጭሩ የከፈልኩት ለውልወላና ለስቲከር ነው።

ዋጋውንም እዩት። አንድ የማውቀው ባለ ላብ ውሉ በዶላር ተተምኖ በየክፍያው ቀን ምንዛሪ እንዲከፍል ፈርሞ ነበር። ሐምሌ 2016 ብር ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100 አለፈ፣ የሁለተኛው ዙር ክፍያ ሲመጣ ሰውየው ውሉን የፈረመበትን እጁን ነው የረገመው።

እንግዲህ እኔ ብሆን ለሴንትሪፊውጅና ለማይክሮስኮፕ አንድ ብር አልከፍልም። የሴንትሪፊውጅ ካርቦን ብሩሽ ሲያልቅ የሚቀይር ባለሙያ አይጠፋም፣ ማይክሮስኮፕ የሚፈልገው ንጹሕ እጅና ሽፋን ነው። ሪኤጀንቱን ከእኛ ብቻ ግዙ ተብሎ በነፃ የተሰጣችሁ ማሽን ከሆነማ ጥገናው በሪኤጀንቱ ዋጋ ውስጥ ገብቷል፣ ሁለቴ አትክፈሉ። ሲቢሲ ግን ይለያል። ፕሮቡ ይደፈናል፣ የሰርቪስ ሜኑው በፓስወርድ የተቆለፈ ነው፣ ያለ እነሱ የማይነካ ብዙ ነገር አለው። እሱን ብቻ ለይታችሁ ተዋዋሉ፣ ያውም ከተጠሩ በስንት ሰዓት እንደሚደርሱ፣ የትኛው መለዋወጫ አገር ውስጥ እንዳላቸውና ማሽኑ ከተወሰደ ተተኪ ያመጡ እንደሆነ በጽሑፍ ከሰፈረ። በቃል «ችግር የለም» ያላችሁን ሰው ስትፈልጉት ሥራ ለቋል።

ላምፑን በመጨረሻ ከኪሴ ገዛሁ፣ ልጁ በ20 ደቂቃ ገጠመው። ለዘንድሮ ውል ከያዝኩት በጀት ደህና ዩፒኤስና ሁለት ትርፍ ላምፕ ገዛሁበት። ባለፈው ሳምንት «ለነባር ደንበኛ ቅናሽ አለ» ብለው ደወሉ። የማይሸፈኑትን ዕቃዎች ዝርዝር መጀመሪያ ላኩልኝ አልኳቸው። እስካሁን አልላኩም።