በ1 ዶላር የገባሁበት ስቶሬጅ

ይህን የምጽፈው በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሀበሻ ልብስ፣ የቡና ዕቃ፣ መሶብና በርበሬ ለምትሸጡ ነው። በተለይ "ዘንድሮስ ትልቅ ኤግዚቢሽን ላይ ቡዝ (የመሸጫ ቦታ) እይዛለሁ" ለምትሉ። እኔ ሁለት ዓመት ሞክሬዋለሁ። ሽያጩ መጥፎ አልነበረም። የበላኝ የአዳራሹ ክፍያና ዕቃዬን ያስቀመጥኩበት ስቶሬጅ፣ ማለትም የኪራይ ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል፣ ነው።

የአዳራሹን ስም አልጠራም፤ የስቶሬጁንም እንዲሁ። አንዱን ብጠራ ሌላው ደህና ይመስላችኋል። ላስ ቬጋስ ያለች የአክስቴ ልጅ ሳጫውታት "እዚህም ያው ነው እኮ" ብላ ሳቀችብኝ።

እኛ የለመድነው በጁላይ በሚደረገው የኢትዮጵያውያን የኳስ በዓል ላይ መሸጥ ነው። ድንኳን ትከራያለህ፣ ዕቃህን ከመኪና ታወርዳለህ፣ የአጎትህ ልጅ ያግዝሃል፣ አለቀ። ኮንቬንሽን ሴንተር፣ ማለትም ትልቁ የኤግዚቢሽን አዳራሽ፣ ሌላ ዓለም ነው።

10 በ10 ጫማ ቦታ በ1,800 ዶላር ያዝኩ። በሜትር ሦስት በሦስት ቢሆን ነው። ቡዝ ሲባል ቢያንስ ጠረጴዛና ወንበር ያለው መስሎኝ ነበር። ስደርስ ባዶ ሲሚንቶ፣ ከኋላው መጋረጃ፣ መጋረጃው ላይ ስሜ የተጻፈበት ካርቶን። ጠረጴዛው ኪራይ። ወንበሩ ኪራይ። ምንጣፉም ኪራይ፣ ያውም ግዴታ። የቆሻሻ ቅርጫት እንኳ ዋጋ አላት። መብራት ለብቻው ይታዘዛል፤ ከኤክስቴንሽን ጋር ብትመጡም መስመሩን የሚስበው የነሱ ሰው ነው። ይህን ሁሉ ቀኑ ሳያልፍ ያዘዘ በቅናሽ ያገኛል። ቀኑ የተጻፈው በኢሜይል ከመጣልኝ ወፍራም ፒዲኤፍ ውስጥ ነው። እኔ ፒዲኤፉን የከፈትኩት በዋዜማው ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

ቡና ላፈላ ብዬ ነበር። ከሰል ክልክል። ዕጣንም ክልክል። በዚህ እንኳ አልከራከርም፣ ያን ሁሉ ሕዝብ በያዘ ጣሪያ ሥር ጭስ ማን ይፈልጋል? ምግብና መጠጥ የማቅረብ መብት ግን የአንድ ድርጅት ብቻ ነው። ቅምሻ መስጠት በፈቃድ ነው፤ መጠኑም የተወሰነ ነው። ደግነቱ ሲኒያችን ትንሽ ናት። ተቆጣጣሪዋ መጣች፣ ሲኒዋን አንስታ አገላበጠቻት፣ "ይህቺስ ትሁን" ብላ ሄደች። ከዚያ አዳራሽ ያለ ክፍያ ያለፈልኝ ነገር ሲኒዋ ብቻ ናት።

አሁን ወደ ዋናው ጉድ። ድሬዬጅ የሚባል ክፍያ አለ። ዕቃችሁን ከጭነት መኪናው ማውረጃ እስከ ቡዛችሁ የሚያደርሱበት ነው። ለማጓጓዣ የከፈላችሁት እዚህ ውስጥ የለም፤ ያ በሩ ላይ ያልቃል። መቼም እነዚህ ሕንጻዎች ሰፊ ናቸው። በ2003 የተከፈተው የዲሲው ዋልተር ኢ. ዋሽንግተን ኮንቬንሽን ሴንተር 2.3 ሚሊዮን ስኩዌር ጫማ ነው። የኔ እዚያ አልነበረም፣ ግን ስፋቱን ለመገመት ይረዳችሁ። ማንም ዕቃውን ተሸክሞ ልዙር ቢል እግሩ ያልቃል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። በየ100 ፓውንዱ ይከፈላል፤ ጎደሎው ወደ ላይ ይሞላል። አንድ ጭነት ከ200 ፓውንድ ቢያንስም እንደ 200 ይቆጠራል። የኔ ዕቃ በጠቅላላው 340 ፓውንድ ነበር። ዋጋው በየ100ው 160 ዶላር። በአንድ ላይ ብልከው እንደ 400 ተቆጥሮ 640 ዶላር እከፍል ነበር። እኔ ግን ልብሱን አንድ ቀን፣ መሶቡን ሌላ ቀን፣ ጀበናና ረከቦቱን ደግሞ በሦስተኛው ላክሁ። ሦስት ጭነት፣ እያንዳንዱ እንደ 200 ፓውንድ። 960 ዶላር። 260 ፓውንድ አየር አሸክሜ ከፈልኩ ማለት ነው። ስለዚህ የምትልኩ ከሆነ በአንድ ፓሌት (ዕቃ የሚደረደርበት የእንጨት መጫኛ)፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ወረቀት ላኩ።

ሲያልቅም አያልቅም። ዕቃው የሚመለስበትን ወረቀት ሞልታችሁ ካልሰጣችሁ ወይም ያዘዛችሁት መኪና በሰዓቱ ካልመጣ፣ ዕቃውን እነሱ በመረጡት መኪና ይጭኑትና ሒሳቡ ለናንተ ይላካል። እኔ ከዚህኛው ተርፌያለሁ። ከጎኔ የነበረው የሳሙና ነጋዴ አልተረፈም።

በዚህ ተቃጥዬ ሳለ ነው አንድ ወዳጄ "ለምን አዳራሹ አጠገብ ስቶሬጅ ይዘሽ ራስሽ አታስገቢም?" ያለኝ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። በዋናው በር በእጅ መሸከም የምትችሉትን ማስገባት ይፈቀዳል። ጎማ ያለው ጋሪ ግን አይፈቀድም፤ ይህንን ወዳጄ አልነገረኝም።

ስቶሬጁ ግድግዳ ላይ ትልቅ ባነር ሰቅሏል፤ የመጀመሪያው ወር 1 ዶላር። ገባሁ። 1 ዶላሩ ላይ የአስተዳደር 29 ተጨመረ። ኢንሹራንስ ግዴታ ነው ተባልኩና በወር 18። ቁልፉም የነሱ ዓይነት መሆን አለበት፣ 22። በ1 ዶላር ልገባ የሄድኩት ሰውዬ 70 ዶላር ከፍዬ ወጣሁ። (ሴት ነኝ፤ ያን ቀን ግን ሰውዬ ነው የሆንኩት።)

ኢንሹራንሱን ልብ በሉ። የቤት ወይም የተከራይ ኢንሹራንስ ካላችሁ ብዙ ጊዜ ከቤት ውጭ ያለ ንብረትንም በከፊል ይሸፍናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ለንብረት ከተያዘው ከፍተኛ የካሳ መጠን 10 በመቶ። የንግድ ዕቃ ከሆነ ግን ላይሸፍን ይችላል፣ ደውላችሁ ጠይቁ። የሚሸፍን ከሆነ ወረቀቱን ብታሳዩ 18ቱ ይቀርላችኋል።

ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ኪራዩ 119 ነበር። "ዋጋው እንደዚሁ ይቆያል?" ብዬ ጠይቄያለሁ። ልጁ "አዎ፣ አትስጊ" አለኝ። ጥሩ ልጅ ነበር፣ ክፉ አይመስለኝም። ውሉ ግን የሚለው የ30 ቀን ማስታወቂያ በመስጠት ኪራዩን መቀየር እንደሚችሉ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። በአምስተኛው ወር 158 ሆነ። በአሥረኛው 209። በዚያው ቀን በስልኬ ድረ ገጻቸውን ከፈትኩ። ያው ሕንጻ፣ ያው ስፋት፣ ለአዲስ ደንበኛ 84 ዶላር። ስክሪንሾቱን ለሜኔጀሯ አሳየኋት። "ያ ለአዲስ ሰው ነው" አለች። ነባር መሆን ቅጣት ያለው ቤት አይቼ አላውቅም። እለቃለሁ ስል 140 ልታደርግልኝ ተስማማች። ለምን ቀድማ እንዳላደረገችው እናንተ ፍረዱ። ጭማሪ ሲመጣባችሁ ዝም አትበሉ፣ ስክሪንሾት ይዛችሁ ሂዱ።

ገንዘቡ ይሁን። የቆጨኝ መሶቡ ነው። ርካሹን ክፍል ነበር የያዝኩት፣ ኤሲ የሌለውን። የዲሲን በጋ ታውቁታላችሁ፣ አየሩ እርጥብ ፎጣ ነው። በነሐሴ በሩን ስከፍት ሽታው ቀደመኝ። ከአዲስ አበባ ያስመጣኋቸው ሰባት መሶቦች፣ አክርማው ላይ አረንጓዴ ሻጋታ። ሁለት ነጠላ ቢጫ ሆኗል። ኢንሹራንሱ? ሻጋታ አይሸፍንም። የሚበላ ነገር ማስቀመጥ ደግሞ በውሉ ክልክል ነው፤ ስለዚህ ስለ በርበሬው ትንፍሽ አላልኩም። ስንደዶ፣ ጥጥ፣ ቆዳ የምታስቀምጡ ከሆነ የአየር መቆጣጠሪያ የሌለው ክፍል በነጻ ቢሰጧችሁም እንዳትወስዱ።

የስቶሬጁ በር የሚዘጋበትን ሰዓትም ጠይቁ። ኤግዚቢሽኑ በአምስት ፒኤም ይዘጋል፣ የአዳራሹ ሰዎች የወሰዱትን ባዶ ካርቶናችሁን መልሰው እስኪያመጡላችሁ ግን ሦስት ሰዓት ትጠብቃላችሁ። ቫኑን ጭኜ ስቶሬጁ ጋ የደረስኩት ከምሽቱ 10:40 ነው። በሩ የሚዘጋው በ10። ዕቃውን ትቼ መሄድ ስለፈራሁ እዚያው ቫን ውስጥ አደርኩ።

አገር ቤት ለምትሄዱ ደግሞ ይኼ አለ። አንድ የማውቀው ሰው ለአባቱ ለቅሶ ሄዶ ሦስት ወር ቆየ። ካርዱ ጊዜው አልፎበት ክፍያው አልሄደም። ማስታወቂያው የተላከው ወደ ድሮ አድራሻው ነው። ሲመለስ ዕቃው በኢንተርኔት ጨረታ ተሸጧል። የልጆቹ ፎቶም አብሮ። በየስቴቱ ያለው የስቶሬጅ ሕግ ደረጃውን ጠብቀው እስከሄዱ ድረስ ይህን ይፈቅድላቸዋል። ልጃችሁ ወታደር ከሆነ ግን የፌዴራል ሕግ ይከላከልለታል፤ አገልግሎት ላይ እያለ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ዕቃውን መሸጥ አይችሉም። ሌሎቻችን በሁለተኛ አድራሻ የሚታመን ሰው እናስመዝግብ።

እኔ የለቀቅሁት በወሩ ሁለተኛ ቀን ነው። የሙሉ ወር አስከፈሉኝ፤ የቀን ሒሳብ የሚባል የለም። ቁልፉንም ነቅላችሁ ባዶውን ክፍል ፎቶ አንሱ። ቁልፉ ተንጠልጥሎ ከቀረ ኮምፒውተሩ አሁንም እዚያው እንዳላችሁ ነው የሚያስበው።

አሁን ዕቃዬ ሲልቨር ስፕሪንግ አንዲት ጓደኛዬ ጋራዥ ውስጥ ነው። ኪራዩ በወር አንድ ኪሎ በርበሬ ነው። እስካሁን አልጨመረችም።