ፎልቲ ታወርስ ወይስ ሞንቲ ፓይተን?

የድሮው የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ኮሜዲ እውነት ያስቅ ነበር? ራሱ አይቶ መፍረድ ለሚፈልግ ሰው ሁለት የቢቢሲ ሥራዎች እነሆ። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጊዜ
ፎልቲ ታወርስ፦ በ1975 እና በ1979 የቀረቡ 12 ክፍሎች ብቻ።
ሞንቲ ፓይተን፦ ከ1969 እስከ 1974፣ 45 ክፍሎች።

የሳቁ ምንጭ
ፎልቲ ታወርስ፦ በእንግሊዟ ቶርኪ ከተማ ያለ አንድ ሆቴል። ባለቤቱ ቤዚል ትንሽ ይዋሻል፤ ያንን ለመሸፈን ሌላ ይጨምራል። ጆን ክሊዝና ኮኒ ቡዝ ድርሰቱን አጥብቀው ስለሸረቡት መጀመሪያ ላይ የተጣለች ቃል መጨረሻ ላይ ትፈነዳለች። ቤዚል ሚስቱን ይፈራል፤ መናቅን ደግሞ ከእርሷ አብልጦ ይፈራል። ይህ ፍርሃት በየትኛውም አገርና ዘመን ያለ ስለሆነ ዛሬም ያስቃል፤ በእኔ እምነት ከዘመኑ ሥራዎች የሚስተካከለው የለም።
ሞንቲ ፓይተን፦ ማሳረጊያ የሌላቸው አጫጭር ትዕይንቶች። ደንበኛው የሞተ በቀቀን ይዞ ሲመጣ ሻጩ እረፍት ላይ ነው እንጂ አልሞተም ብሎ ይከራከራል።

ስጋት
ፎልቲ ታወርስ፦ ከባርሴሎና የመጣው አስተናጋጅ ማንዌል ቋንቋ ባለመቻሉ ይመታል። በባዕድ አገር ያገለገለ ሰው ይህ ቢያስከፋው አልፈርድበትም።
ሞንቲ ፓይተን፦ የማያስቅ ትዕይንት ብዙ ነው፤ አንዳንዱም የዘመኑን እንግሊዝ ማወቅ ይጠይቃል።

ለማን?
እንግሊዝኛው ለሚከብደውና ታሪክ ለሚወድ ፎልቲ ታወርስ፤ ቤዚልን የሚጫወተው የክሊዝ አካል ብቻውን ብዙ ይናገራል። የቃላት ክርክርና ያልተጠበቀ ነገር ለሚያስደስተው፣ ደካማውን ዘልሎ ለማለፍም ትዕግሥት ላለው ሞንቲ ፓይተን።