አያት ጫፍ ያለው ስቱዲዮ፦ ከበሮው አንደኛ፣ ክፍሉ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል

ባቡሩ አያት ላይ ከሚቆምበት አለፍ ብሎ፣ ግቢ ውስጥ ባለ ሰርቪስ ቤት የሚሠራ ትንሽ ስቱዲዮ አለ። አቀናባሪው ለራፐሮች ቢት (ራፕ የሚደረግበትን ሙዚቃ) በመሥራት ነው የጀመረው፤ ዛሬ ዋና ሥራው ድራም ኤንድ ቤዝን፣ ማለትም ከበሮው የሚሮጥበትን ቤዝ የበዛበት የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ፣ ከሂፕ ሆፕ ጋር ማዋሃድ ነው። ከመሀል ከተማ ድረስ መሄድ ያዋጣል ወይ ለምትሉ፣ ለቅንብር ያለ ጥርጥር ያዋጣል። ለሚክስ (የተቀዱትን ድምፆች ለማመጣጠን) ሲሆን ግን ስለ ክፍሉ የምንለውን አንብባችሁ ሂዱ።

ይህ ሙዚቃ የሚቆመው በፍጥነቱ ስሌት ላይ ነው። ድራም ኤንድ ቤዝ በደቂቃ 174 ምት አካባቢ ይሮጣል። ግማሹ 87 ነው፤ ራፐር ቃሉን ሳያጣድፍ የሚናገርበት ፍጥነት። ከበሮው ሲሮጥ ራፑ በእርጋታ ይራመዳል። ችግር የሚመጣው በ95 የተቀዳ ድምፅ ይዞ «እዚህ ላይ ግጠምልኝ» ሲባል ነው። ከ95 ወደ 87 ለማውረድ ድምፁን 9 በመቶ ያህል ማስረዘም ግድ ይላል፤ ያኔ «ጠ»፣ «ቀ»፣ «ጨ»ን የመሰሉ ፈንድተው የሚወጡ ድምፆች ስለታቸው ይሟሽሻል። በአማርኛ ራፕ ውስጥ ምቱን የሚይዙት ደግሞ እነሱ ናቸው። አቀናባሪው እንዲህ ያለውን ሥራ አይቀበልም፤ በ87 እንደገና ያስቀዳል። ደንበኛ ቢያኮርፍም ልክ ነው።

ከበሮው ላይ ያለው እጅ ግሩም ነው። አሜን ብሬክን፣ ማለትም የአሜሪካው ባንድ ዘ ዊንስተንስ እ.ኤ.አ. በ1969 ካስቀዱት ዘፈን የተወሰደውን ባለ 4 ባር (16 ምት) ከበሮ፣ እንዳለ አይለጥፍም። የመነሻ ፍጥነቱ 137 አካባቢ ስለሆነ ዝም ብሎ ወደ 174 ቢፈጥን ድምፁ ወደ 4 ግማሽ ቃና ይቀጥናል፣ ስኔሩም (ጠንከር ብሎ የሚመታው ቀጭን ከበሮ) እንደ ጣሳ ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱን ምት ቆርጦ ለየብቻ ያስቀምጥና ከኪኩ (በእግር ከሚመታው ትልቅ ከበሮ) ሥር ሌላ ወፍራም ኪክ ያስገባል። ከዚያ የ87ቱን እያንዳንዱን ምት ለ3 ከፍሎ የችክችካ ከበሮ ያስገባበታል። ይህን ብቻ ለመስማት እንኳ መሄድ ነው።

አሁን ወደ ክፍሉ። ርዝመቱ 4 ሜትር ነው። የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 343 ሜትር ስለሆነ፣ ለክፍሉ ርዝመት እጥፍ ሲካፈል 43 ኸርዝ (በሰከንድ 43 ንዝረት) ይመጣል፤ ክፍሉ የሚያጎላው ይህን ድምፅ ነው። ኤፍ የሚባለው ቃና፣ የታችኛው፣ ደግሞ 43.65 ነው። ዘፈኑ በኤፍ ከሆነ ቤዙ ግድግዳው ሥር ያብጣል፣ መሀል ላይ ይጠፋል። የደንበኞች ሶፋ የተቀመጠው ከኋላ ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ነው። እዚያ የተቀመጠ ሰው «ቤዙ በዛ፣ ቀንሰው» ይላል፤ ዘፈኑ ሚኒባስ ውስጥ ሲከፈት ከሥር ባዶ ይሆናል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ባለ 5 ሳንቲ ሜትር ስፖንጅ ለዚህ አይረዳም፤ የ43 ኸርዝ ሞገድ 8 ሜትር ይረዝማልና። ድምፃችሁ ከቻለ ዘፈኑን ወደ ጂ ቃና፣ ማለትም 49 ኸርዝ፣ አስወጡት። ካልቻለ ከሶፋው ተነስታችሁ ቤዙን በሄድፎን ፍረዱ።

ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ሐምሌና ነሐሴ ላይ የድምፅ ቀጠሮ ጠዋት ያዙ፤ ከሰዓት ዝናቡ ከጀመረ ማይኩ ከእናንተ ይልቅ ጣሪያውን ይቀዳል። መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ (መጠባበቂያ ባትሪው) ኮምፒውተሩን ብቻ ነው የሚያቆየው፣ ስፒከሮቹን አይችልም። የተሠራው ግን አይጠፋም።

ሂሳቡ በዘፈን ነው፣ ግማሹ ቀብድ። ቀሪውን ከመክፈላችሁ በፊት ትራኮቹን (የእያንዳንዱን መሣሪያና ድምፅ ቅጂ) ለየብቻ፣ በ24 ቢት ዌቭ (ባልተጨመቀ የድምፅ ፋይል) ተቀበሉ፤ ነገ ሌላ ክፍል ውስጥ ሚክሱን ማስተካከል የሚቻለው እነሱ ካሉ ብቻ ነው። የ4 ደቂቃ አንድ ስቴሪዮ ትራክ 63 ሜጋ ባይት ያህል ስለሚይዝ፣ 20 ትራክ ሲደመር 1.3 ጊጋ አካባቢ ነው። በቴሌግራም እልካለሁ ቢላችሁም ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ ባለ 8 ጊጋው ይበቃል።