ካራቫን ይሻላል ድንኳን? ሐረጎን ከወጣችሁ በኋላ እናውራ

የሚስቴ ወንድም ከጨረታ የወጣች አሮጌ የካምፕ ካራቫን (በመኪና የምትጎተት የመኝታ ቤት ማለት ነው) አግኝቶ «እንግዛት፣ ልጆቹን ይዘን ሐይቅ እያደርን እንመጣለን» እያለ ወር ሙሉ ነዘነዘኝ። እኔ ድንኳን አለኝ። ሻጩ ጎትታችሁ ሞክሯት ስላለን ካራቫኗን አንዴ ወሰድናት፣ ስለዚህ ሁለቱንም አይቻቸዋለሁና ለመግዛት የምታስቡ ጀማው ስሙኝ።

በመጀመሪያ መንገዱ። እኛ ኮምቦልቻ ነን። ኮምቦልቻ ከፍታዋ 1,850 ሜትር ገደማ ነው፣ የምንሄድበት ሐይቅም በከፍታ ከዛ ብዙ አይርቅም፣ 1,900 አካባቢ። መሀል ላይ ግን ደሴ አለች፣ 2,500 ገደማ! ወደ ደሴ የሚያስወጣውን የሐረጎን አቀበት በኩርባ በኩርባ ወጥታችሁ፣ ደሴን በባጃጅ መሀል ተሹለክልካችሁ፣ በጢጣ በኩል ደግሞ መውረድ ነው፣ ስትመለሱም ያው። ድንኳን ሲሆን ከስፖንጁ ጋር ፖርቶመጋላ ላይ አስረህ መሄድ ነው። ካራቫኗን ስንጎትት ግን ሐረጎ ግማሽ ላይ ሞተሩ ሞቀና ዳር ይዘን ቆምን፣ አይሱዙዎቹ ጥሩንባቸውን እየነፉብን ያልፋሉ፣ ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ከኋላ ስትገፋን በከባድ ማርሽ ባንይዛት ኖሮ ፍሬኑ ይቃጠል ነበር። አውሮፓ ውስጥ ከ750 ኪሎ በላይ የሆነ ተሳቢ የራሱ ፍሬን ሊኖረው ግድ ነው፣ የኛን ቁልቁለት ያየ ሰው ደግሞ ከዛ ያነሰውንም ያለ ፍሬን አይገዛም። ጋንቾው፣ ከመኪናው ጋር የሚያያይዛት መንጠቆ፣ በደንብ የተበየደ መሆኑን እዩ፣ ዕቃችሁንም ከጎማው በላይ መሀል ላይ ጫኑ፣ ኋላዋ ከከበደ መንገድ ላይ ጅራቷን ማወዛወዝ ትጀምራለች። ሰሌዳና ቦሎ እንዳላትም ጠይቁ።

ማታ ላይ ግን ካራቫን ካራቫን ነው፣ አልዋሽም። ወለሉ ደረቅ፣ በሩ ይቆለፋል፣ ውሻ መጣ ጅብ መጣ የለም፣ ትንሿ ልጄ ሌሊት ሽንት ስትል ጭቃ አልረገጠችም። አማቴ ራሳቸው ወደዷት፣ ድንኳን ሲባሉ «ማን ሞቶብኝ ነው ድንኳን የምቀመጠው» የሚሉ ሴትዮ ናቸው። ጠዋት ግን መስታወቱ ውሃ ያንጠባጥባል፣ አምስት ሰው ሲተነፍስበት አድሮ ምን ይሁን። አሮጌ ካራቫን ስታዩ ቀለሟ አይሸውዳችሁ፣ መስኮቱ ስር ጥግ ጥጉን በአውራ ጣት ተጫኑ። እኔ ስጫን ኮምፔርሳቶው እንደ ረጠበ ዳቦ ወደ ውስጥ ገባ፣ ሻጩም ዝም አለ፣ እኔም ዝም አልኩ። ውስጥ ለውስጥ የበሰበሰ እንጨት በቀለም አይድንም።

ድንኳን ደግሞ የሚሸወዱበት ሌላ ነው። ለ4 ሰው የሚለውን አትመኑት፣ ወርዱ 2.40 ከሆነ ለአንድ ሰው 60 ሳንቲም ነው፣ ማለት በጎን መተኛት ነው! ለአራት ቤተሰብ የ6 ሰው ግዙ። የመጀመሪያ ድንኳኔ ባለ አንድ ጨርቅ ብቻ ነበር፣ በልግ ዝናብ ላይ ሐይቅ ዳር ተክለነው ወንድ ልጄ በእንቅልፉ ግድግዳውን ተደግፎ ተኝቶ ጠዋት ትከሻው በስብሶ ተነሳ። አሁን ያለኝ ድርብ ነው፣ ውስጡ ወንፊት ውጩ የዝናብ ልብስ፣ ሁለቱ እንዳይነካኩ ገመዱን ወጠር ማድረግ ብቻ ነው። መለያው ላይ በሚሊሜትር የሚጻፍ ቁጥር አለ፣ ውሃ የሚቋቋምበት ነው፣ ለኛ ዝናብ 3,000 ቢሆን ጥሩ፣ ወለሉ ከዛም በላይ። ስፌቱ ከውስጥ ፕላስተር የተለጠፈበት ካልሆነ ተዉት። ዘንጉ አሉሚኒየም ቢሆን ደስ ይላል፣ ፋይበሩ ይሰነጠቃል። ብርዱስ? ብርዱ የሚመጣው ከመሬት ነው፣ ስለዚህ ከላይ ብርድ ልብስ ከመደራረብ ከስር ስፖንጅ ጨምሩ። ቦሩ ሜዳ ለማደር ካሰባችሁማ ድርብ ጋቢም ያዙ።

በሁለቱም ግን ከሰል ውስጥ አታስገቡ፣ ቡናውን ውጭ አፍልታችሁ ማንደጃውንም ውጭ ተዉት፣ ፍም ብቻ ቢቀርም መርዛማ ጋዙ ሳይታይና ሳይሸት ተኝታችሁ ነው የሚወስዳችሁ።

እና ምን ልግዛ ካላችሁኝ፣ በዓመት ሶስት አራቴ ለምትወጡ ጥሩ ድንኳን። ካራቫን የምመክረው ሐይቅ አካባቢ ግቢ ያለው ዘመድ ላለው ነው፣ አንዴ ጎትቶ ወስዶ እዛው ለሚያቆማት፣ በየሳምንቱ ሐረጎን ላስወጣት ካላችሁ ግን ለመኪናችሁ እዘኑላት። የሚስቴ ወንድም አሁንም ኮምፔርሳቶው ይቀየራል እያለኝ ነው። አማቴም ድንኳን አልገባም እንዳሉ ናቸው፣ ሐይቅ ስንሄድ መኪናው ውስጥ ጋቢያቸውን ተከናንበው ያድራሉ፣ መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ከፈት አድርገንላቸው።