ፋብሪክና ኪትሱኔ፦ በሲም ካርድ ለሚሠሩ ካሜራዎች የትኛው ይጠቅማል?

ሁለቱም በነፃ የሚገኙ፣ ኮዳቸው ክፍት የሆነ ሶፍትዌሮች ናቸው። ሃይፐርሌጀር ፋብሪክ ብሎክቼን፣ ማለትም ብዙ ድርጅቶች በጋራ የሚይዙት መዝገብ ነው፤ ማን የትኛውን መሣሪያ እንዳስመዘገበ ይይዛል። ኪትሱኔ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 የቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት፣ የኔትወርክ ትራፊክ እያየ ጥቃት የሚለይ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ጊዜ ካነሰ ከኪትሱኔ ይጀመር።

የሚጫነው ካሜራው ላይ ሳይሆን ጌትዌዩ (የካሜራዎቹ ትራፊክ የሚያልፍበት መሣሪያ) ላይ ነው። ተመራማሪዎቹ ራስፕቤሪ ፓይ በተባለ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ አሂደውታል፤ ለሕዝብ የተለቀቀው የፓይተን ቅጂ ግን ቀርፋፋ ስለሆነ ብዙ ካሜራ ካለ ጠንከር ያለ ኮምፒውተር ይሻላል። ከእያንዳንዱ ፓኬት (በኔትወርክ ከሚተላለፍ የዳታ ቁራጭ) 115 መለኪያዎች ያወጣል። የሚማረው ጤናማውን ትራፊክ ብቻ በመሆኑ የጥቃት ናሙና አይፈልግም። አብሮት በሚመጣው ምሳሌ 5,000 ፓኬት መለኪያዎቹን ለመቧደን፣ 50,000 ለሥልጠና ይውላል። ይህን ቁጥር እንዳለ መተው ስህተት ነው። ቪዲዮ የሚልክ ካሜራ በደቂቃዎች ይጨርሰዋል፤ ከዚያ ሌሊት ምስሉ ሲቀየር ወይም ፋየርዌር (የካሜራው የውስጥ ሶፍትዌር) ሲወርድ ማንቂያው በከንቱ ይጮኻል። የአንድ ሙሉ ሳምንት ትራፊክ ይስጡት።

የባሰው ሌላ ነው፤ መሣሪያው ከሥልጠናው በፊት ተጠልፎ ከነበረ የጠላፊውንም ትራፊክ «ጤናማ» ብሎ ይማረዋል። ስለዚህ አስቀድሞ ፋየርዌሩን እንደ አዲስ መጫን፣ የፋብሪካውን የይለፍ ቃል መቀየር፣ ቴልኔትን (ያለ ምስጠራ ከርቀት መግቢያውን) መዝጋት ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ጎጂ ሶፍትዌር ብዙ ካሜራዎችን የያዘው 60 ያህል የታወቁ የፋብሪካ የይለፍ ቃሎችን በቴልኔት እየሞከረ ነው፤ ምንም ረቂቅ ነገር አልነበረውም። ደግሞ ኪትሱኔ ነጥብ ይሰጣል እንጂ አያግድም። የማንቂያውን ገደብም ትራፊኩን የሚያግደውን የፋየርዎሉን ሕግም የሚያወጣው ባለሙያው ነው።

ፋብሪክ የሚያዋጣው ባለንብረቱ፣ ኦፕሬተሩና የጥገና ኮንትራክተሩ እርስ በርስ በማይተማመኑበት ቦታ ነው። ባለቤቱ አንድ ድርጅት ከሆነ ተራ ዳታቤዝ ይበቃል። በራፍት (አገልጋዮች በአብላጫ ድምፅ በሚስማሙበት ዘዴ) ሲዋቀር፣ የአንዱን ውድቀት ለመቋቋም ቢያንስ 3 ኦርደረር፣ ማለትም ግብይቶችን በቅደም ተከተል የሚያሰልፍ አገልጋይ፣ ያስፈልጋል፤ አንዱ ቢወድቅ ሥራው ይቀጥላል፣ ሁለቱ ከወደቁ ይቆማል። በተለመደው ቅንብር ብሎክ (አብረው የሚመዘገቡ ግብይቶች ስብስብ) እስኪዘጋ 2 ሰከንድ ሊወስድ ስለሚችል ፓኬት ለማገድ አይሆንም።

ብዙዎችን የሚጥለው ሰርቲፊኬቱ፣ ማለትም የአባላቱ ዲጂታል መታወቂያ ነው። ሲኤ የተባለው የፋብሪክ ሰርቲፊኬት ሰጪ አገልጋይ ለአባላት የሚያወጣው ሰርቲፊኬት፣ የተለመደው የጊዜ ገደብ ካልተቀየረ በቀር፣ በአንድ ዓመት ያበቃል፤ ያኔ ደህና ሲሠራ የነበረ ኔትወርክ በድንገት ይቆማል። የተሰረቀ ጌትዌይ ሰርቲፊኬትም ሲኤው ላይ ስለተሻረ ብቻ አይታገድም፤ የተሻሩት ዝርዝር ወጥቶ የቻናሉ (አባላቱ የሚጋሩት መዝገብ) ቅንብር ውስጥ መግባት አለበት። ይህን ከጨረሱ በኋላ በዚያው ሰርቲፊኬት አንድ ግብይት ይላኩና ውድቅ መደረጉን ይዩ።