የአዘዞውን መካኒክ ላመስግን

ጎንደር መኪና ያላችሁ፣ ይቺን አንብቡልኝ።

ባለፈው ሳምንት የሚኒባሴ የፊት ግራ ጎማ ስነዳ "ጓ ጓ" ማለት ጀመረ። መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ ኩሽኔታ ቀይሮ "ምንም የለውም፣ ንዳው" ብሎ ሸኘኝ። ድምፁ ግን አልጠፋም። በማግስቱ ተሳፋሪ ይዤ ባሕር ዳር መውረድ ነበረብኝና ሰው ወደጠቆመኝ አዘዞ ወዳሉ አንድ አዛውንት መካኒክ ሄድኩ።

ጋሼ ጎማውን ፈቱ። የሚታሰርበትን ብረት አውጥተው በቤንዚን አጠቡ፣ ነጭ ጋዝ ቀቡት፣ ትንሽ ቆይተው በጨርቅ ጥርግ አድርገው የተፈጨ ጠመኔ ነሰነሱበት። ምንም አይታይም። "ጨረስን አይደል ጋሼ?" ስላቸው "ቡናህን ጠጣ ልጄ" አሉኝ። ሁለተኛውን ስኒ ሳጋምስ ጠሩኝ። ከብሎን ቀዳዳው ጥግ ፀጉር የምታክል ጥቁር መስመር ነጩ ላይ ወጥታለች። ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ የቀረውን ጋዝ ጠመኔው ስቦት ነው።

"በይዱልኝና ነገ ልሂድ" ብዬ ለመንኳቸው። "ብየዳ ይደብቀዋል እንጂ አያድነውም" ብለው እምቢ አሉ። መለዋወጫው እስኪመጣ ሁለት ቀን ቆምኩ፤ እውነት ለመናገር በጣም ተናድጄባቸው ነበር።

ማታ ስልኬ ላይ ስለ ብረት መድከም ሳነብ ግን ንዴቴ ጠፋ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 6፣ 1996 ፍሎሪዳ፣ ፔንሳኮላ ላይ አንድ የዴልታ አየር መንገድ አውሮፕላን ለመነሳት ሲንደረደር የግራ ሞተሩ ማራገቢያ የሚታሰርበት የታይታኒየም ክፍል ተሰብሮ ስብርባሪው የተሳፋሪዎቹን ክፍል በስቶ ገባ። እናትና ልጅ ሞቱ። አብራሪዎቹ መነሳቱን ትተው አውሮፕላኑን አስፋልቱ ላይ አቆሙት። ስንጥቁ የጀመረው ከየት መሰላችሁ? ከብሎን ቀዳዳ! ፋብሪካ ውስጥ ሲበሳ ብረቱ ተጎድቶ ኖሮ፣ በየበረራው ትንሽ ትንሽ እያደገ ኖሯል። ደግሞ ያ ክፍል ከአደጋው ወራት በፊት ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ በሚያበራ ፈሳሽ ተመርምሮ ነበር፤ ማለትም የጋሼ ነጭ ጋዝ ዘመናዊ ዘመድ። መርማሪው አላየውም። እኔም እኮ ጠመኔውን አንዴ አይቼ "ጨረስን" ያልኩ ሰው ነኝ።

ጋሼ ስሜን አትጻፍ ስላሉኝ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፣ ቦታውን እነግረዋለሁ። ዋጋቸው ርካሽ አይደለም፣ ወረፋም አለ። "ቶሎ ይበሉ" ካላችኋቸው ቁልፋችሁን ይመልሱላችኋል፤ ለእኔም ሊመልሱልኝ ትንሽ ነበር የቀራቸው።