የቤት ማስረከቢያ ጽዳትና ቀለም በደሴ፦ የቱ ይከፈልበታል፣ የቱ ይቅር?

ደሴ ላይ የተከራየውን ቤት የሚለቅ ሰው ጽዳትና ቀለም የሚሠሩለትን የሚያገኘው ወይ በደላላው፣ ወይ በአከራዩ፣ ወይ ራሱ ወጥቶ በቀን ሒሳብ በመያዝ ነው። ደላላው ሲያመጣቸው ሥራው በቁርጥ ይያዛል፦ ወለል ማጠብ፣ መስኮት መወልወል፣ ሽንት ቤትና ወጥ ቤት ማጽዳት፣ ግድግዳውን አንድ እጅ ቀለም መቀባት፣ ሁሉም በአንድ ዋጋ። እዚህ የምንመዝነው ይህንን በቁርጥ የሚያዘውን ሥራ ነው። ጽዳቱ የተከፈለበትን ያህል ይሰጣል። ቀለሙ ግን ብዙ ጊዜ በሚሠራበት መንገድ ለተከራዩ ኪሳራ ነው። በደሴ አየር የግድግዳ ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ ተከራዩ ያመጣው አይደለም፤ ቀለም ሲቀባበት ግን የማን ጥፋት እንደነበረ የሚናገረው ምልክት አብሮ ይጠፋል።

ወጥ ቤት ላይ ሠራተኞቹ ጎበዞች ናቸው። የዘይትና የጭስ ጥላሸት በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና ረጥቦ ሩብ ሰዓት ሲቆይ ይለቃል። ግድግዳ የሚታጠበው ከታች ወደ ላይ ነው፤ ከላይ ከተጀመረ ቆሻሻው ውሃ በደረቁ ግድግዳ ላይ እየወረደ መስመር ያወጣል። እስከ ወገብ የዘይት ቀለም የተቀባ ግድግዳ ይህን እጥበት ይችላል። ኖራ የተቀባ ከሆነ ግን ኖራው አብሮ ይነሣል፤ እንዲህ ያለውን በደረቅ መጥረጊያ ማራገፍ ይበቃል። የቧንቧ ጠብታም በዚሁ ቀን ይስተካከል። ጠብታው አብዛኛውን ጊዜ ያለቀ ጎሚኒ ነው፣ ሲፎኑ ተፈትቶ ሲታጠብ ደግሞ የሚሸተው የእጅ መታጠቢያ ይድናል። ትንሽ ሥራ ነው፣ ሳይሠራ ሲቀር ግን አከራዩ "ቧንቧ ተበላሽቷል" ብሎ ትልቅ ዋጋ ይጠራበታል።

ትልቁ ስሕተት ያለው አሲዱ ላይ ነው። የሽንት ቤቱ ሳህን ላይ የደረቀውን ቢጫ ለማስለቀቅ አሲድ ይዘው ይመጣሉ፤ ለሳህኑ ክፋት የለውም። ችግሩ የተረፈውን ወለል ላይ መድፋታቸው ነው። ሊሾ ሲሚንቶ ነው፤ አሲድ ሲነካው አረፋ እየደፈቀ ይበላል፣ ሲደርቅ በምንም ታጥቦ የማይለቅ ነጭ ሸካራ ምልክት ይቀራል። ሴራሚክ ከሆነ ደግሞ በንጣፎቹ መካከል ያለውን ሙሌት ይቦረቡራል። አከራዩ ይህን አይተው ተከራዩን ቢጠይቁ ልክ ናቸው፤ ሠራተኛውን ያስገባው ተከራዩ ነውና። ስለዚህ ዋጋ ሲነጋገሩ "አሲድ ከሳህኑ ውጭ እንዳይነካ" ብሎ አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። አሲድና በረኪና ደግሞ ፈጽሞ አይገናኙ። ሲቀላቀሉ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፤ መስኮቷ ጠባብ በሆነች ሽንት ቤት ውስጥ ሰው ሊጥል ይችላል።

አሁን ወደ ግድግዳው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ክረምቱን ግድግዳ በቅጡ አይደርቅም። "ሻጋታ" እየተባለ በአንድ ስም የሚጠራው ነገር ግን ሦስት የተለያየ ምንጭ አለው፣ ተጠያቂውም እንደምንጩ ይለያያል። ከወለሉ ተነሥቶ እስከ ጉልበት የሚያጠቁር፣ ቀለሙን የሚያስነሣና ነጭ ጨው የሚያወጣው እርጥበት ከመሠረት የመጣ ነው። ከተማዋ ተዳፋት ላይ ስለሆነች የብዙ ቤት የኋላ ግድግዳ ከተቆረጠው አፈር ጋር የተጠጋ ነው፤ ከዚያ የሚሰርገውን ውሃ ተከራይ ሊያቆመው አይችልም። ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ቀለበት ሠርቶ ወደ ማዕዘኑ የሚወርደው ደግሞ የጣሪያ ነው፤ የቆርቆሮው ምስማር ላልቷል ወይም አሸንዳው በቅጠል ተደፍኗል። ሁለቱም የአከራዩ ናቸው።

ክርክር የሚያስነሣው ሦስተኛው ነው፦ ከቁም ሳጥን ጀርባና ከአልጋ ራስጌ የሚወጣው ጥቁር ነጠብጣብ። ይህ የቤቱ ውስጥ እንፋሎት ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ የሚፈጠር ነው። መስኮት ሳይከፈት ከተበሰለ፣ ልብስ ቤት ውስጥ ከተሰጣ፣ ዕቃ ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ ከኖረ ተከራዩ ድርሻ አለው። መስኮቱ ዝጎ የማይከፈት ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ምንጩን ለመለየት ብልሃት አለ። አንድ ክንድ ያህል ካሬ ንጹሕ ላስቲክ በአራቱም ጠርዝ በፕላስተር ግድግዳው ላይ አጣብቆ ሁለት ቀን ማቆየት ነው። ጤዛው ከላስቲኩ በስተጀርባ፣ በግድግዳው በኩል ከወጣ ውሃው ከግድግዳው ነው፤ ከፊት ለፊት ከሆነ ከክፍሉ አየር ነው። ይህን ከአከራዩ ጋር አብሮ ማየት ብዙ ንትርክ ያስቀራል።

በቁርጥ የሚሠሩት ቀቢዎች ይህን ሁሉ ሳይለዩ በአንድ እጅ ፕላስቲክ ቀለም ይሸፍኑታል። ሻጋታው ከሥር ሕያው ስለሆነ ከጥቂት ወር በኋላ ተመልሶ ይወጣል፣ አከራዩም "ደብቀውብኝ ሄዱ" ይላሉ። በትክክል ሲሠራ መጀመሪያ አንድ እጅ በረኪና በአሥር እጅ ውሃ ተበርዞ ይቀባል፤ ሩብ ሰዓት ቆይቶ በብሩሽ ይፈገፈጋል፣ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል፣ ይደርቃል። ከዚያ የተላጠው ይፋቃል፣ በስቱኮ ይሞላል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፣ በመጨረሻ ሁለት እጅ ይቀባል። አራት በአራት ሜትር ክፍል፣ ግድግዳው 2.7 ሜትር ከፍታ ካለው፣ በርና መስኮት ሲቀነስ 40 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሊትር ቀለም አሥር ካሬ ያህል ስለሚሸፍን ለሁለት እጅ 8 ሊትር፣ ማለትም ባለ 4 ሊትሩ ሁለት ቆርቆሮ ይበቃል። ለአንድ እንዲህ ያለ ክፍል አራት ቆርቆሮ የሚጠይቅ ቀቢ ሒሳቡን ያስረዳ። በበጋ ይህ ሥራ ያምራል። በነሐሴ ግን እርጥብ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም ያብጣልና ባይቀባ ይሻላል። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዳ በምትገኘው ኮምቦልቻ አየሩ ስለሚሞቅ ግድግዳ ቶሎ ይደርቃል፤ የደሴን ሥራ በኮምቦልቻ ፍጥነት የሚዋዋል ሰው መጠርጠር አለበት።

ከቀለም ውጭ ያለው ጉዳት የማን ነው? በፀሐይ የደበዘዘ ቀለም፣ ብዙ ሰው ተመላልሶበት የሳሳ ሊሾ፣ በዕድሜው ያለቀ የበር ማጠፊያ የአገልግሎት እርጅና ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉም በእርጅናና ከዐቅም በላይ በሆነ ምክንያት የደረሰውን ተከራዩ እንዲጠግን አያስገድድም። የተሰበረ መስተዋት፣ የጠፋ ቁልፍ፣ ግድግዳ የቦረቦረ ትልቅ ምስማር፣ በቡና ከሰል የተበሳ የአከራዩ ፕላስቲክ ምንጣፍ የተከራዩ ዕዳ ነው። መሐል ላይ ያለው የምጣድ ሶኬት ነው። 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ለመብራት የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ይህን ሲሸከም ይግላል፣ ሶኬቱም ይቀልጣል። ለምጣድ ተብሎ በተዘጋጀ መስመር ላይ ከተቃጠለ፣ የላላ ሶኬት እያዩ ዝም ማለት ነውና ተከራዩን ይመለከተዋል። አከራዩ "እዚህ ጋግሩ" ብለው ያሳዩት መስመር ቀጭን ከነበረ ግን ጥፋቱ የዝርጋታው ነው።

ደላላው የሚያቀርበው አገልግሎት ፈጽሞ የሚጎድለው የርክክብ ወረቀት ነው፤ ከሁሉ የሚያስከፋውም ይህ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል፤ በክልል ከተሞች የሚሠራውም ክልሎቹ በሚወስኑት መሠረት ነው። ውሉ ላይ ግን ቤቱ ሲገባበት ምን ይመስል እንደነበር ካልተጻፈ፣ ሲለቀቅ የሚኖረው የሁለት ሰው ቃል ብቻ ነው፤ ሽማግሌም ቢገባ የሚይዘው ነገር ያጣል። ስለዚህ ሠራተኛ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ ግድግዳና ኮርኒስ ፎቶ ይነሣ፣ የመብራትና የውሃ ቆጣሪ ንባብም አብሮ። የጋራ ሽንት ቤት ካለና ሊመጠጥ ከተቃረበ፣ ወጪው በኖሩበት ወር ልክ ይካፈል።

የግድግዳውን ነገር ለአከራይ መንገር ከባድ አይደለም፦ "እትዬ፣ የእኛን ምስማር ቀዳዳና ወጥ ቤቱን እኛ አስተካክለናል፤ የኋላው ግድግዳ ግን ከአፈሩ ነው የሚረጥበው፣ ቀለም ብንቀባው ይደብቅብዎታል እንጂ አያድንልዎትም።" ብዙዎቹ ይህን ሲሰሙ ጣሪያና መሠረት ላይ አይከራከሩም።

እንግዲህ ከጥቅሉ ቀለሙን ትቶ ጽዳቱን ብቻ መያዝ፣ የቧንቧውን ጥቃቅን ሥራና የምስማር ቀዳዳ መድፈኑን ደግሞ ጨምሮ መዋዋል ነው። ክፍያው ግማሹ ሲጀመር፣ ግማሹ አከራዩ በቀን ብርሃን እያንዳንዱን ክፍል ዞረው ካዩና ወረቀቱ ላይ ከፈረሙ በኋላ ይሰጥ። ቁልፉም፣ ያስቀረጹት ቅጂ ጭምር ተቆጥሮ፣ ያኔ ይመለሳል።